መሪው አሁን አይጠብቅም

ከልጄ ጋር መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ነው የምሆነው። የምታነክሰው በግራ እግሯ ስለሆነ ከሰው ዓይን የምከልላት ይመስለኛል። እሷ ደንታ የላትም። አድጋለች፣ ሥራ ይዛለች፤ «አባዬ፣ ወዲያ በል እንጂ፣ መንገዱን ዘጋኸው» ትለኛለች። ደንታ ያለኝ እኔ ነኝ። ያቺን እግር የሰበርኳት እኔ ነኝ፤ የሰበርኳትም በቀይ እስክሪብቶ ነው። ይህን ስል ቅኔ የምዘርፍ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ቅኔ አይደለም። የሆነው እንደዚያው ነው።

ቦንጋ ነበርን፤ ባጃጅ ገና ብርቅ በነበረበት፣ ግምገማ ግን ብርቅ ባልነበረበት ዘመን። እኔ የአማርኛ መምህር፣ ልጄ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ። «አንደኛ ከወጣሽ የፈለግሽውን እገዛልሻለሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ ልጅ ቢጠይቅ ጫማ ወይም ቦርሳ ነው ብዬ። አንደኛ ወጣች። የጠየቀችው ግን ሳይክል ነው። ያውም ገበያው አጠገብ ካለው ሱቅ ደጃፍ ከተደረደሩት ትልልቅ የቻይና ሳይክሎች አንዱን አይደለም፤ ጥግ ላይ የተጣለችውን፣ ትንሿን፣ ባለ ወፍራም ጎማዋን። ጎኗ ላይ በላቲን ፊደል ቢኤምኤክስ የሚል ጽሑፍ ነበረባት። ባለሱቁ ከጅማ አሮጌ ዕቃ ሲያስመጣ አብራ የመጣች ናት። ቀለሟ ቀይ፣ ጎማዋ ደህና፣ ፍሬኗም ደህና። መሪ ብቻ የላትም። መሪዋን፣ መሪውን ከሳይክሉ ጋር ከሚያያይዘው አንገት ጭምር፣ አንድ ሰው ነቅሎ ወስዶታል።

«መሪ የሌለው ነገር ገዝተህ መጣህ?» አለች ባለቤቴ። «ትምህርት ቤታችሁ አነሰህ?»

ሳቅን። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለው ቀልድ የሚቀለደው ቤት ውስጥ ነበር፤ በርም ተዘግቶ። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ቤታችን ዳገት ላይ ነበር። ከደጃችን ተነስቶ እስከ ገበያው የሚወርደው መንገድ ዝናብ የቦረቦረው ኮረኮንች ሲሆን፣ በአንድ ጎኑ በድንጋይ የተሠራ የውኃ መውረጃ ቦይ አለው። «ልጄ እዚህ ላይ ብትወድቅ ከራስህ አልወርድም» አለችኝ።

ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ልጄን የማይጥላት መሪ። እንዴት እንደሚመረጥ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።

የሚያውቀው ሰው ገበያው መግቢያ ላይ፣ በአንድ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። ሳይክል በየቀኑ ስለማይሰበር ጃንጥላም ይጠግናል፤ ቦንጋ ላይ ጃንጥላ ጠጋኝ ጦሙን አያድርም። በዕድሜ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አፉን የፈታው በካፊኖኖ ነው። አማርኛን የለቀመው ከገበያ ስለሆነ አንቱ ብሎ ይጀምርና አንተ ብሎ ይጨርሳል። እኔ ከመጀመሪያውም አንተ ነበር የምለው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጎልማሶች ፊደል በማስቆጥርበት ክፍል ተማሪዬ ስለነበር ነው እላለሁ፤ ሌሎቹን ጎልማሶች ግን አንቱ ነበር የምላቸው። ልዩነቱ የእጁ ግራሶ መሆን አለበት።

ሳይክሏን ገልብጦ አያትና በተራው መምህር ሆነብኝ።

«ጋሼ፣ መሪ አንድ ዕቃ አይደለም» አለኝ። «አራት ነው። ይሄ ሹካው ነው፤ ጎማ ይይዛል። ይሄ ኩሽኔታ፤ ላይ አንድ አለ፣ ታች አንድ አለ፣ ሹካውን ያሽከረክረዋል። ከዚያ አንገት አለ፣ ከመሪው ጋር የሌለው እሱ ነው። መሪው አንገቱ ላይ ይቀመጣል። ሰው እጁን መሪው ላይ አድርጎ መሪ ያዝኩ ይላል። የያዘው አንገቱን ነው። አንገቱ እንቢ ካለ ሰውዬው ምንም አልያዘም።»

አንገቱ ማለት ቁልቁል ሹካው ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ነው። በመሐሉ ረጅም ቡሎን ያልፋል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ከታች ያለችውን በሰያፍ የተቆረጠች ብረት ወደ ላይ ይስባትና እሷ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ትወጠራለች። አንገትንና ሹካን አንድ የሚያደርጋቸው ይህ ብቻ ነው። የቢኤምኤክሷ ቧንቧ ከትልልቆቹ ሳይክሎች ቧንቧ ጠበብ ይላል፤ ልዩነቱ የጥፍር ውፍረት ነው። አውራ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከቶ አሳየኝ። የትልቁ ሳይክል አንገት እዚህ ውስጥ አይገባም። የቀጠነ ደግሞ ይገባል እንጂ አይያዝም። ቀጥሎ ልጄን አቆማትና በሲባጎ ትከሻዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። መሪው ከትከሻዋ ብዙ ከሰፋ ስታዞረው ክንዷ እንደሚያጥራት፣ ከጠበበ ደግሞ ጎማው እንደሚቅበጠበጥባት ነገረን። ሲባጎውን ቋጥሮ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ልጄ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ የቆመችበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ልንሄድ ስንል መልሶ ጠራኝ። «ጋሼ፣ አንገት ከገባ በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ አድርግ» አለና የአንድ ሌላ ሳይክል የፊት ጎማ በጉልበቶቹ መሐል ቆልፎ ይዞ መሪውን በኃይል ጠመዘዘው። መሪው ፍንክች አላለም። «ጎማ ተይዞ መሪ ከዞረ ጠላት ነው። ካልዞረ ዘመድ ነው።» ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሁለት የጭቃ ክብ ነበረበት፤ ሁልጊዜም ነበረበት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ስለሚጠብቅና ስለሚላላ ድምፅ አስተማርኩ። አማርኛችን አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ዓይነት ይነበባል፤ ፊደሉ ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ። ሰሌዳው ላይ «ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩ። ዘበኛው ይጠብቃል ስንል «ብ» ትጠብቃለች። ገመዱ ይጠብቃል ስንል ትላላለች። የገመድን መጥበቅ የምንናገረው ፊደሏን አላልተን መሆኑን ስነግራቸው ክፍሉ ሳቀ። ጠጋኙ ከሁሉም ቀድሞ ገባው።

«ጋሼ፣ ይሄ እንደ ዳዶ ነው!» አለ። ዳዶ ቡሎን ላይ የሚጠመዘዘው ብረት ነው።

«ጎበዝ፣ እንደ ዳዶ ነው» አልኩ።

እጁን እንደገና አወጣ። «በአፍ ይሰማል። ወረቀት ላይ ግን ጋሼ፣ ይሄኛው ነው ያኛው ነው ተብሎ እንዴት ይታወቃል?»

«አንባቢው ያውቃል» አልኩት። «አንተ በትክክል ጻፍ። ጎበዝ አንባቢ ያውቃል።» እንዲያውም ነገሬን ላሳምር ብዬ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት ጨመርኩበት፤ ወረቀት የታመነ ነገር ነው፣ የጻፋችሁት ከእናንተ በኋላም ይናገራል አልኳቸው። ደብተሩ ላይ ሲጽፈው አየሁት። የግራሶ አሻራው ከጽሑፉ ይበልጥ ይነበብ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ባለሱቁ ከጅማ በሲባጎው ልክ አንድ መሪና ሦስት አንገቶች አስመጣልን። ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። አንደኛው አንገት ወፍራም ስለሆነ ወዲያው ተጣለ። ሁለተኛው ከባድ ብረት ነው፤ ዝገት ጀማምሮታል፤ ከትከሻው የተላጠ፣ መልክ የሌለው ነገር። ሦስተኛው የሚያብረቀርቅ፣ ቀለል ያለ፣ ከልጆች ሳይክል የወጣ። የልጄ ዓይን ከሦስተኛው አልተነሳም። ጠጋኙ የዛገውን አንስቶ ቧንቧው ውስጥ ከተተው፤ ልክክ አለ። የሚያብረቀርቀውን ከተተው፤ ገብቶ ተንቀጫቀጨ።

«ይሄ ቆንጆ ነው ጋሼ» አለኝ። «ግን ላላ ይላል። ያኛውን አሸዋ ወረቀት እሰጠዋለሁ፣ ቀለም እቀባዋለሁ።»

«ቆርቆሮ ጠቅልልበትና ይግባ» አልኩት።

«ይቻላል። ግን...»

«ልጅቷ አንደኛ የወጣችው ለዝገት አይደለም» አልኩ። ባለሱቁ ሳቀ። ሰው ፊት ያማረ ነገር መናገር እወድ ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተወኝም። ጠጋኙ ከአንድ ጣሳ ላይ ስስ ቆርቆሮ ቆረጠና አንገቱ ላይ ጠቅልሎ አስገባው። አጠበቀው። ጎማውን በጉልበቱ ይዞ መሪውን ጠመዘዘ፤ አልዞረም። «ለአሁን ዘመድ ነው» አለ።

አንድ ወር ከምናምን ያህል እንደ ልጄ የተደሰተ ሰው ቦንጋ ውስጥ አልነበረም። ጎረቤቶች ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ብለው አጉረመረሙ፤ የእነሱ ልጆች ግን ተራ ለመያዝ ደጃችን ላይ ይሰለፉ ነበር። ባለቤቴም በመስኮት እያየች መሳቅ ጀመረች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከዚያ ክረምቱ ከበደ። ቦንጋ ሲዘንብ ማባሪያ የለውም፤ ውኃው ኩሽኔታው ውስጥ ገባ፣ ኩሽኔታው ዛገ። «አባዬ፣ ሳዞረው ይጠብቃል» አለችኝ። ሳይክሏን ወስጄ ለጠጋኙ ሰጠሁት። «ሲያዞሩት ይጠብቃል፤ አላላልን» አልኩት። ይህን ያልኩት በራሴ አፍ፣ በራሴ ቃል ነው።

በማግሥቱ ዓርብ ግምገማ ነበር። ቡና ዓይነት አዲስ ሱሪ ለብሼ ሄድኩ፤ ግምገማ ላይ ሰው ቢያንስ በልብሱ እንዳይገመገም ይጥራል። ተራዬ ሲደርስ አንዱ ባልደረባዬ ተነስቶ «ከሕዝቡ ጋር ያለው ትስስር የላላ ነው» አለኝ። ሌላው ተቀብሎ ሰውን ዝቅ አድርጎ እንደማይ፣ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ተማሪዎችን አማርኛ እንደማሾፍባቸው ተናገረ። ሂስህን ዋጥ ተባልኩ። ዋጥኩ። ውስጤ ግን አረረ። እኔን! ቅዳሜዬን ሰጥቼ ጎልማሳ የማስተምረውን ሰው! ከአዳራሹ ስወጣ ፊቴ ይነድ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ሳይክሏ ግንቡ ላይ ተደግፋለች። «ጠጋኙ አምጥቷት ነው። ሺሺንዳ ዘመድ ሞቶበት ለቅሶ ሄደ፤ መኪና እንዳያመልጠው እየሮጠ ነበር። ወረቀት ትቶልዎታል» አለኝ። የፍሬኑ ሽቦ ውስጥ የተሰካች፣ ከደብተር የተቀደደች፣ በአራት የታጠፈች ወረቀት ነበረች። ዘረጋኋት።

«መሪዉ ዓሁን አይጠብቅም»

የፊደሎቹ እግር የተንጋደደ ነው፤ ግን ይነበባል። ያ ሰው በሕይወቱ ለሌላ ሰው የጻፋት የመጀመሪያዋ ወረቀት እሷ ነበረች፤ ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት። በዚያች ደቂቃ እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ለግምገማው መልስ አገኘሁ። ይኸው፣ ያስተማርኩት ሰው! ይኸው፣ ትስስሬ! ከደረት ኪሴ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ። «ዉ»ን ሰርዤ «ው» አልኩ። «ዓ»ን ሰርዤ «አ» አልኩ። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ጨመርኩለት። ከሥሩ «ጎበዝ» ብዬ ጻፍኩና ከዐሥር ስምንት ሰጠሁት። ዘበኛው ከጎኔ ቆሞ ያይ ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት፤ «መሪው አሁን አይጠብቅም!» ሲያዞሩት ይጠብቃል ብዬ ሰጥቼው ነበር፣ አሁን አይጠብቅም አለኝ። ተሠርታለች ማለት ነው። መሪውን በሁለት ጣቴ ወዲያና ወዲህ አልኩት፤ እንደ ቅቤ ለሰለሰ።

ጎማውን በጉልበቴ መሐል ይዤ መሪውን መጠምዘዝ ነበረብኝ። ረስቼው አይደለም። እንዲያውም ሁለት እግሬን ከፈት አድርጌ ወደ ጎማው ተጠግቼ ነበር። ጎማው ጭቃ ነበረበት፤ ሱሪዬ አዲስ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስኩ። በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ እንደዚያ እንደ ሁለቱ እርምጃ የሚያንገበግበኝ ግን የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ወረደች። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ አያት ነበር። ቁልቁለቱ ወገቡ ላይ ስትደርስ ከታች አንዲት ባጃጅ መጣች፤ በከተማው ካሉት ጥቂት ባጃጆች አንዷ። ብዙም አትፈጥንም። ልጄ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር አየሁ፤ በደንብ፣ በጊዜው፣ እንዳስተማርናት አዞረችው። ሳይክሏ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ባጃጇ ወደ ዳር ስትሸሽላት ልጄ በአጠገቧ አልፋ ቦዩ ውስጥ ገባች። ስደርስ ሰው ከቧታል። አላለቀሰችም፤ ፊቷ አመድ መስሎ በመገረም ነበር የምታየኝ።

«አባዬ፣ መሪው ዞረ፤ ጎማው አልዞረም» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት። ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ አላወጣኋትም፤ ሳላወጣት አነበብኳት። አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ቢሆን ኖሮ «አልጠብቅ አለ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ይህ ሰው ግን እንቢ ያለን ብረት እንዴት እንደሚሉት ገበያ አላስተማረውም፤ እኔም አላስተማርኩትም። ያለውን ይዞ ጻፈ። ቡሎኑ የሚገባበት የሰያፏ ብረት ጥርስ ተበልቷል፣ ቡሎኑ ቢጠመዘዝ አይጠብቅም፣ አንገቱ ሹካውን አልያዘም፣ ልጅቷን እንዳታስነዳት ማለቱ ነበር። ይህን ሁሉ በሦስት ቃል አለው። ፊደሉን አጥብቀህ ብታነበውም ያው ነው፤ መሪው አይጠብቅም፣ ልጅህን አይጠብቅልህም። ቃሉ በየትኛውም በኩል ይጮህ ነበር፤ እኔ ያነበብኩት ደስ የሚለኝን ብቻ ነው።

የቦንጋ ሐኪሞች የቻሉትን አድርገው ወደ ጅማ ላኩን። የጭኗ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ከተኛችበት አልጋ አጠገብ ስንት ሳምንት እንደተቀመጥን አልቆጠርኩም። አጥንቱ ገጠመ፤ ግን አጥሮ ገጠመ። ዶክተሩ በሁለት ጣቶቹ መሐል ያለውን ክፍተት አሳየን፤ ይህን ያህላል አለ። ባለቤቴ ወደ ጣቶቹ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ ከራስህ አልወርድም ያለችውን ግን አልደገመችውም። ብትደግመው በተሻለኝ።

ወደ ቦንጋ በተመለስን በሦስተኛው ቀን ጠጋኙ መጣ። ዝናብ መቶት ነበር። ከነጫማው አልገባም ብሎ ደፍ ላይ ቆመ። በአንድ እጁ ማር በቅል፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ባለቤቴ ግባ አላለችውም። እኔም አላልኩትም።

«ጋሼ፣ ጽፌ ነበር» አለ።

«ምን ብለህ?» አለችው ባለቤቴ።

«አይጠብቅም ብዬ። ኩሽኔታውን ላጸዳ አንገቱን ነቀልኩ፤ ስመልሰው ጥርሱ አለቀ። አጥብቄ አጥብቄ አልያዘም። ከለቅሶ ስመለስ ሌላ አመጣለሁ፣ እስከዚያ ጋሼ ወረቀቱን ያነባል፣ ልጁን ያስቀምጣል ብዬ።» ጋዜጣውን ፈታው። ያ የዛገው ብረት አንገት ነበር፤ አሸዋ ወረቀት ተሰጥቶት፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ። ከባለሱቁ ገዝቶት ኖሯል።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «ወረቀት ነበረ?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች፣ ትሰማለች። ነበረ፣ አነበብኩት፣ አልገባኝም፤ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን መምህር ሆንኩ።

«እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም» አልኩት። «አልጠብቅ አለ ነው የሚባለው። አይጠብቅም ማለት ሌላ ነው፤ ተስተካክሏል ማለት ነው። ማንም ሰው ቢያነበው እንደዚያው ነው የሚገባው።»

«ወረቀቱ የታለ?» አለች ባለቤቴ።

«ጣልኩት» አልኩ። ወረቀቷ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ከሦስታችን በክንድ ርቀት፤ «ጎበዝ» እና ከዐሥር ስምንት እንደተጻፈባት።

ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢጮህብኝ እኔም እጮህ ነበር፤ ነገሩ እዚያው ይለይለት ነበር። አልጮኸም። ቃሉን በከንፈሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሞክረው አየሁ፤ አልጠብቅ አለ፣ አልጠብቅ አለ። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለኝ። «አንባቢው ያውቃል ብለውን ነበር። እርስዎ ካላወቁት እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የእኔ ጽሑፍ ነው ልጁን የሰበረ።» አንድም ጊዜ አንተ ሳይለኝ ጨረሰ። ማሩንና የብረት አንገቱን ደፉ ላይ አስቀምጦ ጃንጥላ ሳይዝ ወረደ። ጃንጥላ ጠጋኝ ነው፣ ጃንጥላ አልነበረውም።

ቅዳሜ ክፍል አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ እንጃ፣ ቆርቆሮውን ነቅሎ ወደ ዋጫ ሄደ አሉ። ከተማው ጥፋተኛውን አውቆ ነበር፤ የልጅ እግር ያሰበረ ጠጋኝ ጋ ማን ሳይክል ይዞ ይሄዳል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። እኔ አህያው ነበርኩ፤ አንድም ሰው አልነካኝም። ዋጫ ሩቅ አይደለም። መኪና በየቀኑ አለ። አንድም ቀን አልሄድኩም። መጀመሪያ ልጄ ስትድን፣ ቀጥሎ ክረምቱ ሲወጣ፣ ቀጥሎ ትምህርት ሲዘጋ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ልጄ እስከ ዛሬ የምታውቀው ጠጋኙ አጻጻፍ ባለማወቁ እንደወደቀች ነው። አትቀየመውም። «ምስኪን፣ ፊደል በደንብ አልገባውም ነበር» ትላለች፤ እኔም ዝም እላለሁ። ወረቀቷን ልቀድዳት ስንት ጊዜ አንስቻት መልሼ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሞኙም ወረቀቷም እዚያው መሳቢያው ጋ አለን።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ጉዳይ ኖሮኝ ቦንጋ የዞኑ ቢሮ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ ሁለት ሰው አልፎ የቆመውን ሰው ከጀርባው አወቅሁት፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሱሪው ግን ጉልበቱ ላይ ሁለት የጭቃ ክብ አለበት። ጭንቅላቴን ደፋሁ። ተራው ደረሰ። ጸሐፊዋ ቅጹን አዙራ እስክሪብቶ ዘረጋችለት።

«አባባ፣ ስምዎን እዚህ ይጻፉና ይፈርሙ።»

«አልችልም» አላት።

«ስም ብቻ እኮ ነው። ትንሽም አይሞክሩትም?»

«አይ ልጄ። እኔ ከጻፍኩ ሰው ይጎዳል» አለ። ቀልድ መስሏት ሳቀችና የቀለም መርገጫውን ገፋችለት። አውራ ጣቱን፣ ያኔ ቀዳዳው ውስጥ ከቶ ያሳየኝን ጣት፣ ቀለሙ ላይ ጫነና ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ሲዞር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ባርኔጣውን አነሳልኝ፤ ከወገቡ ዝቅ ብሎ «ጋሼ፣ ልጁ ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩት።

«ተመስገን» አለና ወጣ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ፤ ስሜን በሚያምር እጅ ጽሑፍ ጽፌ ፈረምኩ።